ከታሸ የበግ ጠጉር የሚሠራ ዕቃና የገጹ ጌጥ

የበግ ጠጉር ሳይፈተልና ሳይሸመን፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና በእጅ ታሽቶ ብቻ ወፍራም ጨርቅ ሊሆን ይችላል። ይህም የሚሆነው እያንዳንዱ የጠጉር ዘለላ በዓይን የማይታይ፣ የዓሣ ቅርፊት የሚመስል ሽፋን ስላለው ነው። ጠጉሩ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ቅርፊቱ ይነሣል፤ ሲታሽም አንዱ ዘለላ በሌላው ውስጥ ገብቶ ይቆላለፋል። አንዴ ከተቆላለፈ በኋላ ወደ ቀድሞው አይመለስም። በዚህ ዘዴ ምንጣፍና ኮፍያ ብቻ ሳይሆን፣ ስፌት የሌለበት ሆደ ሰፊ ዕቃም ይሠራል።

በአገራችን የበግ ጠጉር የሚታወቀው ተፈትሎና ተሸምኖ በሚወጣው በመንዝ ባናና በበርኖስ ነው። ጠጉርን በማሸት የታወቁት የመካከለኛው እስያ አርቢዎች ናቸው፤ የኪርጊዝ ሕዝብ የታሸ ጠጉር ምንጣፍ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። በአልታይ ተራሮች ከተከፈቱት ከ2,200 ዓመት በላይ ከሆናቸው መቃብሮች ደግሞ፣ ታቹ ድቡልቡል የሆነ ማሰሮ የሚቀመጥበት የታሸ ጠጉር ቀለበት ተገኝቷል። ጀበናችን ከሚቀመጥበት ማቶት ጋር ሥራው አንድ ነው። ስለዚህ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በየቡ ያሉ ባለሙያ እመቤቶች ይህን ሥራ ቢሞክሩ፣ ማቶትና የሲኒ ወይም የጥሬ ቡና ማስቀመጫ ለመጀመሪያ የሚስማሙ ናቸው።

ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ጠጉሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በጅማ ዙሪያ የሚረቡት የሆሮና የቦንጋ በጎች ለሥጋ የተመሰገኑ ቢሆኑም፣ ጠጉራቸው አጭርና ለስላሳ ሽፋን እንጂ ለመታሸት የሚሆን አይደለም። ቢያሹት ውሎ ቢያድር አይያያዝም። የልማት ሠራተኛ «በጋችሁን ሸልቱና ዕቃ ሥሩ» ብሎ ቢመክር ሰዉን በከንቱ ያደክማል። የሚሆነው እንደ መንዝ በግ ያለ የደጋ በግ ጠጉር ነው። ይህም ከሩቅ የሚመጣ ነው፤ ከጅማ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያም እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያልታጠበ ጠጉር ቅባትና አፈር ስላለበት ሲታጠብ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ገዢው ይህን ከዋጋው ጋር ማሰብ አለበት።

ከመግዛት በፊት ጠጉሩ እንዲህ ይፈተናል። አንድ ቁንጥር ጠጉር ወስዶ በሙቅ ውሃና በሳሙና ካራሱ በኋላ በሁለት መዳፍ መካከል አምስት ደቂቃ ያህል ማድበልበል ነው። ተያይዞ ጠንካራ ኳስ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሲደርቅ የሚበታተን ከሆነ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ።

ሌላው ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ነው። በድንገት ከሞተ በግ ላይ ጠጉር መሸለት በፍጹም አይገባም። አባ ሰንጋ የገደለው እንስሳ ጠጉርና ቆዳ በሽታውን ለብዙ ዓመት ይይዛል፤ ሳሙናና እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ አይገድሉትም። ጠጉሩን የሚነድፍ ሰው ብናኙን ወደ ሳንባው ይስበዋል፤ በዚህ መንገድ የገባ አባ ሰንጋ ሰውን ይገድላል። ጠጉሩ ከጤነኛና ከቆመ በግ ላይ መሸለቱን ያላረጋገጡበትን አይግዙ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ቅርጹ ካለቀ በኋላ ጌጡ ይቀረጽበታል። በታሸ ጠጉር ግን ይህ አይሆንም። የመሶብ ሰፊ ጌጧን ከታች ጀምራ እየቆጠረች እንደምታወጣው ሁሉ፣ እዚህም ጌጡ ከዕቃው ጋር አብሮ መወለድ አለበት። ጠጉሩ ሲታሽ ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ይኮማተራል፤ ጌጡን የሚያስነሣውም ይኸው መኮማተር ነው። ኮምትሮ ባለቀ ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ጌጥ ይላቀቃል።

የታጠበውና በደጋን የተነደፈው ጠጉር 100 ግራም ያህል ይዘጋጅ። ከወፍራም ላስቲክ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይቆረጥ፤ ዕቃው ሲያልቅ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በላስቲኩ ላይ ጠጉሩን በስሱ አራት ጊዜ መደራረብ ነው፤ አንዱ ድርብ ወደ ርዝመቱ ከሆነ የሚቀጥለው ወደ ጎኑ ይሁን። ዳሩ ከላስቲኩ በሁለት ጣት ይለፍ። በሳሙና ውሃ አርሶ ከገለበጡ በኋላ፣ የተረፈውን ዳር ወደ ውስጥ አጥፎ በሌላውም ፊት እንዲሁ መደራረብ ነው። ወፍራም ድርብ አንድ ጊዜ ከመጫን ስስ ድርብ አራት ጊዜ መደረብ ይበልጣል፤ እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ዕቃው በኋላ ይቀደድበታል።

መጀመሪያ በመዳፍ ቀስ ብሎ ሩብ ሰዓት ያህል ይታሻል፤ ከዚያ በሰሌን ተጠቅልሎ ይንከባለላል። በየጊዜው እየተፈታ አቅጣጫው ይለወጥ፤ አለዚያ በአንድ ወገን ብቻ ይኮማተራል። በውስጡ ያለው ላስቲክ መተጣጠፍ ሲጀምር አፉ በመቀስ ተከፍቶ ላስቲኩ ይወጣል።

ስለ ጌጡ የሚከተለውን ማወቅ ይገባል። ከሁሉ የሚቀለው የነጠላ ቁራጭ ነው። ሳሳ ያለ አሮጌ ነጠላ በመጨረሻው ድርብ ላይ ይነጠፍና አብሮ ይታሻል። ጠጉሩ በድሩ ቀዳዳ አልፎ ይይዘዋል፤ ጠጉሩ ሲኮማተር ጥጡ ስለማይኮማተር ተጨማድዶ እንደ ዛፍ ቅርፊት ያለ ገጽ ይሰጣል። ጥቅጥቅ ያለ አቡጀዲ ግን አይሆንም፤ ጠጉሩ አያልፍበትም።

ሁለተኛው መስኮት ያለው ጌጥ ነው። ታችኛው ድርብ ጥቁር፣ ላይኛው ነጭ ይሁን። ነጩ ከመነጠፉ በፊት በጥቁሩ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ላስቲኮች ይቀመጣሉ። ገጹ በጣት ሲቆነጠጥ ዘለላው ተነጥሎ የማይወጣበት ደረጃ ሲደርስ፣ ላስቲኩን በጣት ፈልጎ ነጩን ብቻ በምላጭ መክፈትና ላስቲኩን ማውጣት ነው። የተቆረጠው ከንፈር በሳሙና በጣት ይታሽ። ዕቃው መኮማተሩን ሲቀጥል ከንፈሩ ብድግ ይላል፤ ጥቁሩም ከውስጥ ይታያል። ዕቃው ከጠነከረ በኋላ ቢከፈት ከንፈሩ አይዘጋም፣ ጠጉሩም እየተመዘዘ ያስቀይማል።

ሦስተኛው ጉብታ ነው፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። አፉ ከተከፈተ በኋላ፣ ዕቃው ገና ለጋ ሳለ፣ ከውስጥ በኩል ጠጠር እየተደረገ ከውጭ በጥጥ ፈትል አንገቱ ጥብቅ ተደርጎ ይታሠራል። ከዚያ በሙቅ ውሃ እየነከሩ ማሸት መቀጠል ነው። ፈትሉ የሚፈታው ዕቃው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው፤ እርጥቡን ከፈቱት ጉብታው ይተኛል። አንዳንዶች ለስሙ ሲሉ በጠጠር ፈንታ ጀንፈል ቡና ያስሩበታል፤ ሐሳቡ ያምራል፣ ግን ጀንፈሉ ነጩን ጠጉር ያዥጎረጉረዋል። ጎን ለጎን የሚሮጥ ቦይ የፈለገች ደግሞ ገጹን ቆንጥጣ በመርፌ ትጠቅጥቀው፤ ክሩ ሲደርቅ ይወጣል። ይህን ሁሉ ጌጥ በአንድ ዕቃ ላይ ማከማቸት ግን ገበያተኛውን ያደናግራል።

በመጨረሻ ዕቃው ቅርጹን እንዲይዝ በተገለበጠ ቅል ላይ ተወጥሮ ይደርቃል። በጅማ ክረምት ይህ አይሞከርም፤ ሳይደርቅ ይሸታል። ደረቁ ወራት ሲገባ ደግሞ እጅ ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው። ስለዚህ ለቀማውና ማድረቁ ካለቀ በኋላ፣ ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይሻላል። ዕቃው ውሃ ስለሚመጥ ለደረቅ ነገር ብቻ ያገለግላል፤ ሽታም ስለሚይዝ የተቆላ ቡና ከርቤ ወይም በርበሬ በነበረበት አይቀመጥ። ብል እንዳይበላው በየጊዜው ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

ሳሙና የሌለ እንደ ሆነ የደረቀ እንዶድ ተፈጭቶ አረፋው ያገለግላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የታወቀ ነው። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያ ተሸካሚ ስለ ሆነ መሞቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ የታጠበበት ውሃ ወደ ወንዝ አይለቀቅ፤ ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ርቆ በተቆፈረ ስፍራ ይደፋ።