ለወጣቱ መካኒክ፦ ከቻይና ስለሚመጣው መኪና

ልጄ፣ ሞተር ማውረድ፣ ካምቢዮ መፍታት፣ ፍሪሲዮን መቀየር ለምደህ እጅህ ሊፈታ ሲል ዘመኑ ተቀየረብህ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ «ሙያችን ሊቀር ነው ወይ?» የሚሉ ብዙ ልጆች አነጋግረውኛል። ሙያው አይቀርም፤ ያልተማረበት ሰው ግን ይቀራል። ስለዚህ የምልህን ልብ ብለህ ስማ።

1. የኤሌክትሪክ መኪናው ለምን ከቻይና እንደመጣ እወቅ። «ርካሽ ስለሆነ ነው» ብለህ አትለፈው። ፎልክስዋገን ሻንጋይ ላይ የሽርክና ውል የፈረመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከዚያ በኋላ የመጡትም የውጭ ኩባንያዎች ቻይናዊ ሸሪክ ይዘው እንዲሠሩ ተደረገ። ዓመታት አለፉ፤ የቤንዚን ሞተር ጥበብ ግን ከጀርመኖቹና ከጃፓኖቹ እጅ አልወጣም። ጀርመን ተምሮ አውዲ ውስጥ በመሐንዲስነት የሠራው ዋን ጋንግ ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2007 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆነ። የእሱ ክርክር፣ ሌሎች መቶ ዓመት በቀደሙበት ሞተር ከመሮጥ ሁሉም ገና ጀማሪ በሆነበት በኤሌክትሪክ መኪና እንወዳደር የሚል ነበር። መንግሥታቸውም ገንዘቡን ሳይሰስት አፈሰሰ፤ በከተማ አውቶቡስና ታክሲ ተጀመረ። ሼንዘን እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከ16,000 በላይ አውቶቡሶቿን ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ አዞረች። እ.ኤ.አ. በ2023 ቻይና ጃፓንን ቀድማ በመኪና ኤክስፖርት ከዓለም አንደኛ ሆነች።

2. ባትሪውን ተማር። ዋንግ ቹዋንፉ ቢዋይዲን ሼንዘን ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲመሠርት የሚሠራው ባትሪ ነበር፤ ለሞባይል ስልክ የሚሆን። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ደካማ የመኪና ፋብሪካ ሲገዛ ባለአክሲዮኖቹ ተቆጡ። እሱ ግን የመኪናውን ዋጋ የሚወስነው ባትሪው እንደሆነ ገብቶታል። ዛሬ ብዙ የቻይና መኪኖች የሚጠቀሙት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ኮባልትም ኒኬልም የለውም፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሙቀትም በተሻለ ይችላል። በመጋቢት 2022 (እ.ኤ.አ.) ቢዋይዲ በቤንዚን ብቻ የሚሄድ መኪና ማምረት አቆመ፤ በ2025 ደግሞ በሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ሽያጭ ቴስላን በለጠ። አንተም ፒስተንና ቴስታታ ለይተህ እንዳወቅህ ሁሉ ሴል፣ ሞጁል፣ ኢንቨርተር ለይተህ እወቅ።

3. ብርቱካናማውን ገመድ ፍራው። ይህን ከሁሉ በላይ አደራ እልሃለሁ። ኮፈኑን ስትከፍት ወፍራም ብርቱካናማ ገመድ ታያለህ፤ በውስጡ የሚሄደው ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ቮልት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። በዘመናችን በካንዴላ ገመድ መነዘር ተራ ነገር ነበር፤ ይህኛው ግን ይገድላል። ሰዓትህንና ቀለበትህን አውልቅ። 1,000 ቮልት የሚችለውን የጎማ ጓንት ከማጥለቅህ በፊት አየር ሞልተህ ጠቅልለህ ጨምቀው፤ የመርፌ ቀዳዳ ብታህል እንኳ ካለችው ጣለው። መኪናውን አጥፋ፣ የትንሿን ባትሪ ገመድ ንቀል፣ የከፍተኛ ቮልቴጁን መቁረጫ አውጥተህ ኪስህ ክተት፤ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካው። ከዚያ አምራቹ ያዘዘውን ደቂቃ ጠብቅ፣ ምክንያቱም ኢንቨርተሩ ውስጥ የቀረ ኃይል አለ። በመጨረሻም በቴስተር ለክተህ ባዶ መሆኑን ሳታይ እጅህን አትስደድ። ደንበኛው ቢቸኩል ይቸኩል።

4. ደንበኛህን አታስደንግጥ። «ባትሪው ሞቷል» ከማለትህ በፊት ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለካ። እሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳም፤ በሮቹም ላይከፈቱ ይችላሉ። በዚህች ምክንያት የመኪናውን ግማሽ ዋጋ የሚያህል ወጪ የሚነገረው ባለንብረት ሊኖር አይገባም። የሚገዛ ሰው ሲያማክርህም ሀቁን ንገረው፦ ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በነጋዴ እጅ የመጣ መኪና መሰኪያው የቻይና ነው፣ ስክሪኑም በቻይንኛ ሊሆን ይችላል፣ ሶፍትዌሩን የሚያድስለት ወኪል አገር ውስጥ መኖሩን ይጠይቅ። ቻይና ውስጥ በመኪና ዋጋ ጦርነት የወደቁ ኩባንያዎች አሉ። ሃይፋይ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ማምረት አቆመ። ኩባንያው ሲዘጋ የመኪናው መለዋወጫና ሶፍትዌር አሳሳቢ ይሆናል።

5. በሰው ችግር አትደሰት። ፎልክስዋገን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ጀርመን ውስጥ ከ35,000 በላይ የሥራ ቦታ ለመቀነስ ተስማምቷል። እነዚያም እንደ አንተ በእጃቸው የሚኖሩ ናቸው። ይልቅ ከኩባንያው ተማር፤ ትናንት አስተማሪ ነበር፣ በ2023 ግን የቻይናው ኤክስፔንግ ውስጥ 700 ሚሊዮን ዶላር አፍስሶ አብሮት ለመሥራት ተስማማ። አሜሪካ በቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ላይ 100 በመቶ ታሪፍ ጣለች፣ አውሮፓም ጨመረች። ታሪፍ ጊዜ ይገዛል፤ ዕውቀት አይገዛም።

6. የድሮውን ሙያ አትጣል። ፍሬን፣ መሪ፣ ሾክ፣ ጎማ በአዲሱም አሉ፤ እንዲያውም ባትሪው ስለሚከብድ ጎማ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። የምናውቃቸው ቪትዝና ኮሮላዎችም ነገ ከመንገድ አይጠፉም።

7. መገጣጠም ላይ አትቁም። የኤሌክትሪክ መኪና ሙሉ ሆኖ ሲገባ 15 በመቶ ቀረጥ፣ በከፊል ተፈትቶ ሲገባ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ሲገባ ደግሞ ያለ ቀረጥ እንዲሆን በ2014 ዓ.ም. ተወስኗል። ዓላማው ሥራው እዚህ እንዲሠራ ነው። ፋብሪካ ብትቀጠር ብሎን አጥብቀህ ደመወዝ ተቀብለህ አትውጣ፤ የመርመሪያውን ኮምፒውተር የሚይዘው ቻይናዊ ባለሙያ አጠገብ ቁም፣ ጠይቅ፣ ጻፍ። ጥቂት ቻይንኛ ብትማር ደግሞ መመሪያውን ራስህ ታነበዋለህ።

ጋራዥ ላላችሁትም ልመና አለኝ፦ ለልጆቹ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት ጓንቱንና ቴስተሩን ግዙላቸው፤ ሥልጠና ያላገኘ ልጅ ብርቱካናማውን ገመድ እንዲነካ አትዘዙ።