ባሕረ ሐሳብን ለኮምፒዩተር ስለ ማስረዳት



የኮምፒዩተር ቋንቋ ወዳጆች በዓመት አንድ ጊዜ በጉጉት የሚጠብቁት የጥያቄ ወራት አላቸው። ስሙ «አድቬንት ኦቭ ኮድ» ይባላል። ኤሪክ ዋስትል የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራም ጸሐፊ በ2015 እ.ኤ.አ. ጀመረው። ከዲሴምበር 1፣ ማለት በእኛ ከኅዳር 22 ገደማ ጀምሮ፣ በየዕለቱ አንድ ጥያቄ ይወጣል፤ ሰዓቱም በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ክፍል ሲኖረው የፊተኛውን ያልመለሰ ሰው የኋለኛውን አያይም። መልሱን በፈለጉት ቋንቋ መሥራት ይቻላል። እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ 25 ጥያቄ ይቀርብ ነበር፤ በ2025 ግን ወደ 12 ዝቅ አለ፤ ከዓለም ሁሉ ቀድሞ የመለሰው ማን እንደ ሆነ ያሳይ የነበረውም ሰንጠረዥ ቀረ። ይህ ለእኛ ደግ ወሬ ነው፤ ፈጥኖ መመለስና በትክክል ማወቅ አንድ አይደሉምና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለምን?

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን የውጭው ውድድር ብቻ አይደለም። ወቅትን ጠብቆ የሚመጣ፣ በቁጥር የሚሠራ፣ መልሱም ለሕዝብ የሚታወጅ ጥያቄ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ አለ፤ እርሱም ባሕረ ሐሳብ ነው። በቢቸና አቅራቢያ ባለው በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሞጣ ጊዮርጊስ፣ መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን የቆመ ሰው የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በየትኛው ቀን እንደሚውሉ ሲታወጅ ይሰማል። ከመካከላችን ይህን ስሌት በአብነት ትምህርት ቤት በቃሉ አጥንቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ወንድም አለ። ነገር ግን የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ሲገባ ያን ዕውቀቱን እንደ ጭቃ ጫማ በር ላይ አውልቆ ይገባል። ይህ ስሕተት መሆኑን በስሜት ሳይሆን በቁጥር ላሳያችሁ እወዳለሁ።

እንግዲህ የ2018 ዓ.ም. ትንሣኤ መቼ እንደሚውል እናስላ።

በመጀመሪያ 5500 ዓመተ ፍዳን ከ2018 ጋር ስንደምር ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ይህን ለ4 ስናካፍለው 1879 ደርሶ 2 ይቀራል። 1879 መጠነ ራብዒት ነው፤ ቀሪው 2 በመሆኑም ዘመኑ የማርቆስ ነው። (1 ቢቀር ማቴዎስ፣ 3 ቢቀር ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ ይሆናል።)

ሁለተኛ፣ ዓመተ ዓለሙንና መጠነ ራብዒቱን ደምረን 9397ን ለ7 ስናካፍል 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያልን ስንቆጥር መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ዋለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ 7518ን ለ19 ስናካፍል 13 ይቀራል። ዘመኑ ተጀመረ እንጂ አልተፈጸመምና ከቀሪው 1 ይቀነሳል፤ ስለዚህ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተን ለ30 ብናካፍል ቀሪው 12 አበቅቴ ይባላል፤ በ19 አባዝተን ለ30 ብናካፍል ደግሞ ቀሪው 18 መጥቅዕ ይባላል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው።

አራተኛ፣ መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም፣ ሲያንስ በጥቅምት ይውላል። የእኛው መስከረም 18 እሑድ ነው። የዕለት ተውሳክ ለቅዳሜ 8፣ ለእሑድ 7፣ ለሰኞ 6፣ እንዲህ እየቀነሰ ለዓርብ 2 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመር 25 ይሆናል። መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ነነዌ በጥር፣ በጥቅምት ከዋለ በየካቲት ነው፤ በመስከረም ውሎ ድምሩ ከ30 ቢያልፍ ግን 30 ተቀንሶ ወደ የካቲት ይሻገራል። ስለሆነም ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ ይገባል። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ ይኸውም ሁለት ወር ከ9 ቀን ማለት ነው። ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.።

እስከዚህ ድረስ ማንም የአንደኛ ዓመት ተማሪ በኻያ መስመር ሊጽፈው ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ዓመተ ዓለም ለ19 ያለ ቀሪ ሲካፈል ነው። «ከቀሪው አንድ ቀንስ» የተባለው መኪና ከዜሮ አንድ ቀንሶ ወንበሩን −1 ያደርጋል። የአብነት ተማሪ ግን ያለ ቀሪ ቢካፈል ወንበሩ 18 መሆኑን ገና ሲጀምር ተምሯል።

በዚህ ቦታ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ጠባይ ይለያያል። −19ን ለ30 አካፍለህ ቀሪውን ንገረኝ ብትሉት፣ ሲ የተባለው ቋንቋ −19 ብሎ ይመልሳል። «ጥቅምት −19» የሚባል ቀን ስለሌለ ጸሐፊው ወዲያው ይደነግጣል፤ ስሕተቱንም ይፈልጋል። ፓይተን የተባለው ቋንቋ ግን 11 ይላል። ትክክለኛው መጥቅዕ 12 ነው፤ 11 ግን ደህና ቁጥር ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እንዲህ ነው። ያለ ቀሪ የተካፈለውን 2005 ዓ.ም. ለፈተና ብትሰጡት፣ የተሳሳተው ፕሮግራም ነነዌን የካቲት 18 ያወጣል፤ ትክክልም ነው! ምክንያቱም መጥቅዕ በአንድ ቀን ቢጎድልም የዕለቱ ተውሳክ በአንድ ስለሚጨምር ድምሩ አይለወጥም። በ2024 ዓ.ም. እንዲሁ ይሆናል። በ2043 ዓ.ም. ግን ጥቅምት 12 ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11 ዓርብ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ የዓርብ 2 በመሆኑ ትክክለኛው ድምር 20 ሲሆን የተሳሳተው 13 ይሆናል። ትንሣኤ ሚያዝያ 29 መዋል ሲገባው ፕሮግራሙ ሚያዝያ 22 ይላል። በሰሙነ ሕማማት መግቢያ አገር ሁሉ እየጾመ ሳለ፣ ይህን ፕሮግራም ያመነ ሰው በሬ አርዶ ይፈስካል ማለት ነው።

ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ያለፈውን ፕሮግራም ማን ሊጠረጥረው ይችላል? ስሌቱን በቃሉ ያጠና ሰው ነዋ! መጥቅዕ በ19 ዓመት ውስጥ የሚይዛቸው ቁጥሮች 19 ብቻ ናቸው፤ 11 ከነዚያ መካከል የለም። እነዚያን ቁጥሮች የሚያውቅ መሪጌታ «መጥቅዕ 11» ሲባል ቢሰማ፣ 2043ን ሳይጠብቅ ያንጊዜውኑ ይስቃል። እርሱ ፓይተን አያውቅ ይሆናል፤ እኛ ያላየነውን ስሕተት ግን ያያል። የመኪናውን ቋንቋ ማወቅ ግማሽ ዕውቀት ነው፤ ሌላው ግማሽ የነገሩን ሕግ ከባለቤቱ ጠይቆ እስከ ጥግ ድረስ ማወቅ ነው። መድኃኒቱማ አንዲት መስመር ናት፦ 1 በመቀነስ ፈንታ በዓመተ ዓለሙ ላይ 18 ደምራችሁ ለ19 አካፍሉ፤ ቀሪው ወንበር ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የራሳችን የጥያቄ ወራት ጳጉሜን ይሁን። በየቀኑ አንድ ጥያቄ ይሰጥ፤ ዘመነ ሉቃስ ሲሆን ስድስተኛ ይጨመር። ጥያቄዎቹም በዚሁ መጽሔት ቀደም ብለው ይታተሙ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ በስልኩ ብቻ ለሚማር ወንድም የውጭው ውድድር በሩ ተዘግቶበት ነበር። ወረቀትና እርሳስ ግን አይቋረጡም፤ ፕሮግራምም አስቀድሞ በወረቀት ሊጻፍ ይችላል። ደግሞም በጳጉሜን ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የሚመለስ ተማሪ የሚጠይቀው መምህር በቅርቡ አለ።

ለሙከራ የሚከተሉትን ሠርታችሁ አምጡ።

ጳጉሜን 1፦ የ2019 ዓ.ም. መስከረም 1 በምን ቀን ይውላል?
ጳጉሜን 2፦ የዚያው ዓመት ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ ስንት ነው?
ጳጉሜን 3፦ ትንሣኤውን አውጡ። (ሚያዝያ 24 ካልመጣላችሁ ከወንበሩ ጀምራችሁ መርምሩ።)
ጳጉሜን 4፦ መጥቅዕ 14 ሆኖ የማያውቀው ስለ ምንድን ነው?
ጳጉሜን 5፦ ከ2001 እስከ 2100 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሳሳተው የፓይተን ፕሮግራም ትንሣኤን የሚያፋልሰው በስንት ዓመት ነው?
ጳጉሜን 6፦ ይህ ስድስተኛ ጥያቄ መቅረብ ያለበት በየትኞቹ ዓመታት እንደ ሆነ የሚለይ ፕሮግራም ጻፉ።

ሥራችሁን ስታቀርቡ ከመልሱ ጋር ሕጉን ማንን ጠይቃችሁ እንደ ተረዳችሁት ጨምራችሁ ጻፉ። ለቀደመ ሳይሆን በትክክል ለሠራ፣ ከሠራም በኋላ ለጓደኛው ላስረዳ ምስጋና ይገባዋል።