አንዱ ዜጋ ስለ ምን ድምፅ ይሰጣል? ሌላውስ ስለ ምን ይቀራል?

ምርጫ ማለት ሕዝብ ስለ እርሱ ሆኖ የሚመክረውንና ሕግ የሚያወጣውን ሰው በፈቃዱ የሚለይበት ሥርዓት ነው። ነገሩ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የዕድርና የዕቁብ አባሎች ዳኛቸውንና ጸሐፊያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉና። በመንግሥት ጉዳይ ግን ይህ መብት የተገኘው በየደረጃው ነው። በ1931 (በዚህ ትምህርት ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አባሎች የሚመርጡ መኳንንቱና የየአገሩ ሹሞች ነበሩ። በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ምርጫውን ለሕዝቡ ሰጠ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ በ1957 ተደረገ። ከ1995 ጀምሮ በጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ የመምረጥ መብት አለው።

ነገር ግን መብቱ በተሰጠበት አገር ሁሉ የሚሄድም የሚቀርም አለ። ከ100 መራጮች 40ው ብቻ ቢመጡ፥ 21ዱ ለመቶው ይፈርዳሉ። የቀረውን ሰው ሰነፍ ነው ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነገሩን ለመረመረው ግን ሦስት ምክንያት ይገኛል።

መጀመሪያው ምክንያት ድካም ነው። በአሜሪካ የፕሬዝዳንት ምርጫ ማክሰኞ እንዲሆን የተወሰነው በ1845 ነው። ያን ጊዜ ገበሬው እሑድ ጸልዮ፥ ሰኞ በጋሪ ተጉዞ፥ ማክሰኞ ለመድረስ ይመቸው ነበር። ዛሬ ግን ማክሰኞ የሥራ ቀን ስለ ሆነ ብዙ ሠራተኛ ይቸገራል። ሕንድ በአንጻሩ መራጩ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ደንብ አውጥታለች፤ በጉጅራት በጊር ዱር ውስጥ ለአንድ መራጭ ብቻ ጣቢያ የተከፈተበት ጊዜም አለ። እንግዲህ መንገዱ ሲያጥርና ምዝገባው ሲቀል መራጩ ይበዛል።

ሁለተኛው ምክንያት ተስፋ ማጣት ነው። «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይጨምራል?» የሚል ብዙ ነው። አንቶኒ ዳውንስ የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጥቅሙንና ድካሙን ብቻ የሚመዝን ሰው ከቤቱ ቢቀር እንደማያስደንቅ አስረድቷል። አባቶች ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል፤ ክሩ ሁሉ እንደዚያ ሰው ቢያስብ ድር አይኖርምና። ድምፄ በእውነት አይቈጠርም ብሎ የሚቀረውን ሰው ግን ምክር ብቻ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ቈጣሪዎች በግልጥና በታማኝነት ሲሠሩ ማየቱ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የሚጠራው ሰው ማጣት ነው። በ1998 በአሜሪካ በኒው ሄቨን ከተማ በተደረገ ምርመራ፥ በየቤቱ በር ሄዶ ፊት ለፊት መጋበዝ ብዙ ሰው ሲያስነሣ፥ በስልክ መጥራት ግን እምብዛም አልጠቀመም። በ2006 በሚሺጋን አንዳንድ ቤተ ሰቦች የራሳቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ማን እንደ መረጠና ማን እንደ ቀረ የሚገልጥ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ደብዳቤ ካልደረሳቸው ከመቶ 30 ያህል ሲመርጡ፥ ከእነዚህ ግን 38 ያህል መረጡ። ይህንን ኃይል የአገራችን ሰው ይሉኝታ ብሎ ያውቀዋል፤ ሰውን ለለቅሶ የሚያስወጣው ኀዘን ብቻ አይደለምና።

ሕግም ያስወጣል። በአውስትራልያ በ1922 ምርጫ ከተመዘገቡት ከመቶ 60 እንኳ አልሞሉም። በ1924 ያለ በቂ ምክንያት የሚቀረው እንዲቀጣ ታወጀ፤ በ1925 የመጡት ከመቶ ከ91 በላይ ሆኑ። ዕድርም ከቀብር የቀረውን አባል ይቀጣል። ይሁን እንጂ ቅጣት እግርን ወደ ጣቢያው ያደርሳል እንጂ ማስተዋልን አይሰጥም።

ስለዚህ መምህራንና ሽማግሌዎች የምዝገባውን ቀን አስቀድመው ያስታውቁ፤ አረጋውያንንና ሕመምተኞችን የሚረዳ ሰው ያዘጋጁ፤ ጎረቤትም ጎረቤቱን ይጥራ። ነገር ግን «ና» ማለት እንጂ «እገሌን ምረጥ» ማለት አይገባም። ይሉኝታ እስከ ጣቢያው በር ድረስ ይሸኝ፤ ከመጋረጃው በስተ ኋላ ግን ሰው ከኅሊናው ጋር ብቻውን ነው።

ጥያቄ፦
1. ሰው ከምርጫ የሚቀርባቸው ሦስቱ ምክንያቶች ምንድር ናቸው?
2. በዚህ መንደር ከሦስቱ የሚበረታው የትኛው ነው? በምንስ ይቃለላል?
3. መጋበዝና ማስገደድ በምን ይለያያሉ?