በውኃ ላይ የሚያርፉት ተዋጊዎች፦ መትረየሱ የት ይቀመጥ?

በፍራንክፈርት ምዕራባዊ ክፍል፣ የኒዳ ወንዝ ከማይን ጋር በሚቀላቀልበት ስፍራ ኒድ የተባለው ሰፈር ይገኛል። ከዚያ የማይንን ወንዝ ተከትሎ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሽቅብ የተጓዘ ሰው በደቡባዊው ዳርቻ ኒደርራድን ያገኛል። አውጉስት ኦይለር የአውሮፕላን ፋብሪካውን ያንቀሳቀሰው በዚህ ነበር። ኦይለር የጀርመንን 1ኛ ቁጥር የአብራሪነት ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ለአንድ የጦር መሣሪያ ሐሳብ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መትረየሱ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ይታሰር፣ አብራሪውም አውሮፕላኑን ራሱን ወደ ዒላማው ያዙር።

ይህ ዘዴ ፈጣንና ቀልጣፋ አውሮፕላን ይፈልጋል። የጀርመን ባሕር ኃይል በአንደኛው የዓለም ጦርነት የገጠመው ችግርም ከዚህ ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በ1916 የቀረበው ሩምፕለር 6ቢ በመሠረቱ ከመንኰራኩር ይልቅ ሁለት ተንሳፋፊዎች የተገጠሙለት የየብስ አውሮፕላን ነበር። ተንሳፋፊዎቹ ክብደት ይጨምራሉ፤ በአየር ላይም ነፋሱን እየተጋፉ ፍጥነት ይቀንሳሉ። በውኃ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ውኃው የተንሳፋፊውን ሆድ ይዞ እንዳያስቀር ከሥሩ እንደ ደረጃ የተቆረጠ ስፍራ ይሠራለታል፤ አየር በዚያ ሲገባ ተንሳፋፊው ከውኃው ተላቅቆ በገጹ ላይ ይንሸራተታል። ጣና ሐይቅን ብናስብ ነገሩ ይብሳል፤ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ 16 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለመነሣት 9 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ያስፈልጋል።

በዚያው በ1916 ኤርንስት ሃይንከል ለሃንዛ-ብራንደንቡርግ ኩባንያ የነደፈው ኬዲደብልዩ ባለ አንድ ወንበር ነበር። ጠላት ከኋላው ከመጣበት የሚመልስበት መሣሪያ አልነበረውም። የሃይንከል ቀጣይ ንድፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው ደብልዩ 12፣ ከአብራሪው በስተጀርባ መትረየስ የያዘ ተኳሽ አስቀመጠ። ብልሃቱ ግን በጅራቱ ላይ ነው። አግድሙ የጅራት ክንፍ ከአካሉ በላይ ተቀመጠ፤ ቀጥ ብሎ መቆም የነበረበት መሪ ወደ ታች ወረደ። ስለዚህ ተኳሹ የገዛ ጅራቱን ሳይመታ ወደ ኋላ መተኰስ ቻለ። ፍጥነቱ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አውሮፕላን የሚያሳድዱትን መፍራቱን ያቆመው በሞተሩ ሳይሆን በዚህ ነው።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። ታኅሣሥ ወር ላይ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 11 ቀን 1917፣ መነሻውን ከቤልጅጉ ዘብሩገ ያደረገው ፍሪድሪሽ ክሪስቲያንሰን የእንግሊዝን ሲ 27 የአየር መርከብ መትቶ ጣለ። ሃይንከል ከሁለቱ ክንፎች አንዱን አስቀርቶ ደብልዩ 29ን ሲሠራ ፍጥነቱ ወደ 175 ኪሎ ሜትር አደገ። ጁላይ 6 ቀን 1918 የክሪስቲያንሰን ቡድን በነዚሁ አውሮፕላኖች በውኃው ገጽ ላይ የነበረችውን ሲ 25 ሰርጓጅ መርከብ አጠቃ። መርከቧ አልሰጠመችም፤ አዛዧና 5 መርከበኞች ግን ተገደሉ።