«እችላለሁ» ከማለት በፊት
(ከበረዶ ሸርተቴ የተነሣ ጥናት)

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር ነው። ሮቤል ተክለማርያም የተባለው ኢትዮጵያዊ በ1998 ዓ.ም. በጣልያን አገር በቶሪኖ ከተማ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ አገራችንን ወክሎ መወዳደሩን፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ በቫንኩቨሩ ኦሊምፒክ መድገሙን ስናወራ ከመካነ ኢየሱስ የመጣው ጓደኛችን ብድግ አለና «እኔ ጉናን ቁልቁል በሩጫ ስወርድ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሸርተቴ ምን ያቅተኛል?» አለ። ሳቅን። (በነገራችን ላይ የእነሱ ክረምት የእኛ የካቲት ነው። በረዶውም እንደ ጉናው ጠጠር ጠጠር የሚል ሳይሆን እንደ ባዘቶ ጥጥ ተነጥፎ የሚሰነብት ነው።)

ነገሩ ግን በሳቅ የሚታለፍ አልነበረም። ሰው አንድን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የራሱን ችሎታ በምን ይመዝናል? ሮቤል እንኳ የተወለደው አዲስ አበባ ቢሆንም ሸርተቴውን የተማረው በልጅነቱ በሄደባት በአሜሪካ ነው። ደጋ መወለድ ሳንባን ይጠቅም ይሆናል እንጂ መንሸራተትን አያስተምርም።

ሮቤል የተወዳደረበት አገር አቋራጩ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚማረው ግን የቁልቁለቱን ሸርተቴ ነው። የሸርተቴ ትምህርት ቤቶች ተማሪውን ከመመደባቸው በፊት «ጀማሪ ነህ፣ መካከለኛ ነህ ወይስ የበቃህ?» ብለው ይጠይቁታል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ እየተንከባለሉም ቢሆን የወረዱትን ትልቁን ቁልቁለት አስታውሰው «መካከለኛ ነኝ» ይላሉ። ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ ነው። በፈለግህበት ቦታ መቆም ትችላለህ? ወደ ቀኝም ወደ ግራም መታጠፍስ? ፍጥነቱን የምትወስነው አንተ ነህ ወይስ ቁልቁለቱ? ጀማሪ ገና ከጅምሩ የሚማረው መቆምን ነው፤ የሁለቱን መንሸራተቻዎች አፍንጫ አቀራርቦ ኋላቸውን እንደ ሽብልቅ መክፈት።

ቁልቁለቱም ምልክት አለው። በአሜሪካ አረንጓዴ ክብ ቀላሉን፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛውን፣ ጥቁር አልማዝ ከባዱን ያሳያል። ነገር ግን ምልክቱ የሚሰጠው በዚያው ተራራ ካሉት ሌሎች መንገዶች ጋር ተነጻጽሮ ስለሆነ፣ የአንዱ ተራራ ሰማያዊ ለሌላው ጥቁር ሊሆን ይችላል። በአንድ ትምህርት ቤት አንደኛ የወጣ ልጅ ሌላ ሲገባ የሚገጥመውን አይታችሁ የለም?

ከሁሉ ያስደነገጠን የማሰሪያው ነገር ነው። ጫማውን ከመንሸራተቻው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ሰው ሲወድቅ ተፈትቶ እግርን እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነው። የሚጠብቅበት ልክ የሚወሰነው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜና በጫማ ርዝመት፣ ከዚያም ተማሪው ስለ ራሱ በሚናገረው ነው። ጥንቃቄ የሚያበዛው አንደኛ ዓይነት፣ መካከለኛው ሁለተኛ፣ በፍጥነትና በድፍረት የሚወርደው ሦስተኛ ዓይነት ይባላል። ለሦስተኛው ማሰሪያው ጠበቅ ይላል። እንግዲህ ጀማሪው አፍሮም ሆነ ኮርቶ «ሦስተኛ ነኝ» ካለ፣ በወደቀ ጊዜ ማሰሪያው ሳይፈታ ይቀርና እግሩ አብሮ ይጠመዘዛል።

ዳኒንግና ክሩገር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት በፈተና መጨረሻ ላይ የነበሩት ተማሪዎች ራሳቸውን ከመካከለኛው በላይ ገምተው ተገኝተዋል። አንድን ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕውቀት በሥራው ላይ ያለውን ስሕተት ለማየትም ያስፈልጋል፤ የሁለቱ ሰዎች ማብራሪያ ይህ ነው።

ወደ እኛው ቤት እንምጣ። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ሁለተኛ ክፍል ገብተን «ማንበብ የምትችሉ?» ብንል እጅ ሁሉ ወጣ። አንዲት ልጅ ተነሥታ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሳትደናቀፍ ተወጣችው። አጨበጨብንላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስናጨበጭብላት ቆይተን፣ ልምምዳችን ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አንዳችን ጣቱን መካከለኛው መስመር ላይ አድርጎ «ይቺ ቃል ምን ትላለች?» ቢላት ዝም አለች። ገጹን ከጓደኞቿ አፍ ሰምታ በቃሏ ነበር የያዘችው። ልጅቷ አልዋሸችም፤ ስታነብ የኖረች መስሏታል። ጥፋቱ የእኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከታች ወደ ላይ አስነብበናት ቢሆን፣ ወይም ፈጽሞ ያላየችውን ሦስት መስመር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ቢሆን ኖሮ ሦስቱን ሳምንት ፊደል ባስቆጠርናት ነበር። በሁለት ቀን ምን ይሠራል? «ገብቷችኋል?» «አዎ!» ተባብለን ከክፍል የወጣንበትን ቀንማ ማን ቆጥሮት!

እኛ እጩ መምህራን ስለ ራሳችን የምንሞላው ቅጽም ከዚህ አይሻልም። «ክፍል የመቆጣጠር ችሎታ፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» ይላል። «ከፍተኛ» የማይል ማን አለ? «ፊትህን ወደ ሰሌዳው አዙረህ ስትጽፍ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ምን ይሠሩ ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልሱን የሚያውቀው ያየ ብቻ ነው። መምህራኖቻችን ቅጹን በዚህ መንፈስ ቢያሻሽሉልን እንጠይቃለን።

ያ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ይህን ረቂቅ አንብቦ ጥቂት አሰበና «እንግዲያው እኔን አንደኛ ዓይነት ብላችሁ መዝግቡኝ፤ ማሰሪያውንም ላላ አድርጉልኝ» አለን።