የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ለጀማሪ ልጅ ምን አለው?

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ «ፈረስ ካልተማርኩ» ብሎ ይዞኛል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከጥር 23ቱ በዓል ሌላ የሚሠራው አለ? ያስተምራልስ?

መልስ፦ በዓሉ ጎልቶ ስለሚታይ ነው እንጂ የማኅበሩ ሥራ ዓመቱን ሙሉ ነው። በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓላማው የዓድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን ማሰብ ነበር፤ ዛሬ አባላቱ ከ60 ሺህ በላይ ናቸው። ሠርግ ያጅባሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። እኔ ከሁሉ የማከብርላቸው ይህን ማስታረቁን ነው።

ግልቢያውን ልጆች በአብዛኛው የሚማሩት ከአባትና ከታላቅ ወንድም፣ እዚያው ሜዳ ላይ ነው። የአገው ፈረሰኞች ባሉበት በእንጅባራ አካባቢ ዘመድ ካለዎት ለእረፍት ይላኩት። አስቀድሞ ፈረሱን ማብላት፣ ማጠብና መጫን ይልመድ፤ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ከዚያ ሽምጥ። በባህላዊው እርካብ የሚገባው የእግር አውራ ጣት ብቻ ስለሆነ ጫማ የለመደ ልጅ መጀመሪያ ይቸገራል። ከሁሉ በላይ እጁ ይለስልስ፤ የአገራችን ልጓም ብረቱ ኃይለኛ ነው፣ በድንገት ከተሳበ የፈረሱን አፍ ያቆስላል። የፈረስ ላይ ፍልሚያ ጨዋታው ጉግስ ግን ይቆየው፤ ያለ እጅ እርዳታ ኮርቻ ላይ መርጋት ሳይችል አይሞክረው።