የእርሾ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በዚህ ዓለም በሥጋ ተገልጦ ባስተማረበት ዘመን ሕዝቡን በሚያውቁት ነገር አስተማራቸው። ገበሬውን በዘሩ፥ ዓሣ አጥማጁን በመረቡ፥ እረኛውን በበጎቹ፥ የቤት እመቤቲቱንም በሊጧ አስተማረ። ይህን ማድረጉ ሰው በየቀኑ በእጁ የሚነካው ነገር ሁሉ ልቡናውን ወደ ፈጣሪው የሚመራ መጽሐፍ ሆኖ እንዲያገለግለው ነው። ፊደል ላልቈጠረ፥ ከቤተ ክርስቲያንም ርቆ ለሚኖር ሰው እንኳ ይህ መጽሐፍ አይዘጋበትም። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን በየቤታችን ካለው ነገር አንዱን፥ እርሾን ወስደን ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ እርሱ የሚያስተምሩትን እንመረምራለን። ጥያቄያችንም ከትናንቱ ሊጥ ለነገው የምናስቀምጠው ምንድር ነው? የሚል ነው።

አስቀድመን የነገሩን ጠባይ እንመልከት። የጤፍ ዱቄት በውሃ ብቻ ተለውሶ ወዲያው ቢጋገር ቂጣ ይሆናል እንጂ እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ ባልትና ያላት ሴት ዱቄቱን በቡሃቃ አድርጋ ስታቦካ፥ ካለፈው ሊጥ ያስቀረችውን እርሾ ትጨምርበታለች። ከዚያም ከድና ሁለት ወይም ሦስት ቀን ታቆየዋለች፤ በደጋ ብርድ ይዘገያል፥ በቆላ ሙቀት ይፈጥናል። ሊጡ ከቦካ በኋላ በላዩ የጠለለውን ውሃ ትቀንሳለች፤ ከሊጡም ጥቂት ወስዳ በፈላ ውሃ አብሲት ጥላ ትመልስበታለች፤ ኩፍ ሲልም ትጋግረዋለች። ነገር ግን ሁሉን ጋግራ አትጨርሰውም፤ ጥቂት ታስቀራለች፤ ያም ጥቂት ለሚመጣው ሊጥ እርሾ ይሆናል። እርሾ የጠፋባት እንደ ሆነ ዕቃ ይዛ ወደ ጎረቤቷ ትሄዳለች፤ ጎረቤቲቱም አትከለክላትም። እንዲህ ሲሆን የዛሬው እንጀራ ከትናንቱ፥ የትናንቱም ከዚያ በፊት ከነበረው እየተቀበለ፥ የመጀመሪያው ቡሃቃ የማን እንደ ነበረ የሚያውቅ ሳይኖር፥ እርሾው ከእናት ወደ ልጅ፥ ከቤት ወደ ቤት ሲተላለፍ ይኖራል።

በእርሾ ውስጥ የሚሠራው ምን እንደ ሆነ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ቆይቷል። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1857 ዓ.ም. ስለ መኮምጠጥ ባወጣው ጥናት ይህ ሥራ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን አስረዳ። እንግዲህ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ የገባበትን ሁሉ ወደ ራሱ ጠባይ ይለውጣል እንጂ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከዚህም ሦስት ነገር እናስተውላለን። እርሾ ጥቂት ሲሆን ብዙውን ይለውጣል፤ ከተደባለቀ በኋላ ተለይቶ አይታይም፤ የተቀበለውንም ጠባይ መልሶ ያወርሳል።

አሁን ወደ መጻሕፍት እንመለስ። ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን አንዲት ሴት በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ በሸሸገችው እርሾ መስሏታል (ማቴ. 13፥33)። ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ብዙ ነው። አብርሃም በመምሬ እንግዶቹን በተቀበለ ጊዜ ሣራ ፈጥና እንድትለውስ ያዘዛት ይህንኑ ልክ ነበር (ዘፍ. 18፥6)። ታዲያ ጨመረችው በማለት ፈንታ ሸሸገችው መባሉ ስለምን ነው ቢሉ፥ የእግዚአብሔር ቃል በሰው ልቡና የሚሠራው በስውር ስለ ሆነ ነው። እርሾው ከሊጡ ከተዋሐደ በኋላ ይህ ነው ብሎ የሚለየው የለም፤ በማግሥቱ ግን ቡሃቃው ሞልቶ ሲነሣ ሥራው ይታወቃል። ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ወደ ዓለም ሲወጡ ቍጥራቸው ጥቂት፥ ኑሯቸውም የተናቀ ነበረ፤ ዓለምን ያቦካው ግን ያ ጥቂት ነው።

ነገር ግን መጽሐፍ ስለ ሌላ እርሾም ይናገራል። እስራኤል ከግብፅ በወጡበት ሌሊት ሊጡ ሳይቦካ ቡሃቃቸውን በልብሳቸው ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው ሄዱ (ዘፀ. 12፥34)። ለመታሰቢያውም ሰባት ቀን ቂጣ፥ በግእዙ ናእት፥ እንዲበሉ፥ በቤታቸውም እርሾ እንዳይገኝ ታዘዙ። ምሥጢሩ ምንድር ነው ቢሉ፥ የባርነት አገር እርሾ ወደ ነጻነት አገር እንዳይሻገር ነው። ሰው ከግብፅ ወጥቶ የግብፅን እርሾ ይዞ ቢሄድ፥ በሄደበት ሁሉ የሚጋግረው የግብፅን እንጀራ ነው።

በዚህ አንባቢው እርሾ በራሱ ርኩስ ነው ብሎ እንዳይሳሳት፥ ያው ሕግ በበዓለ ኀምሳ በእርሾ ቦክተው የተጋገሩ ሁለት እንጀራዎች ለእግዚአብሔር እንዲቀርቡ ማዘዙን ያስተውል (ዘሌ. 23፥17)። በቤተ ክርስቲያናችንም ለቍርባን የሚቀርበው የስንዴ ኅብስት በቤተ ልሔም በእርሾ ቦክቶ ይዘጋጃል። ስለዚህ ፍርዱ እርሾው ከየት መጣ? ምንስ ይዞ መጣ? በሚለው ላይ ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ሲጽፍ ስለ አሮጌው እርሾ ያስጠነቅቃቸዋል፤ ስሙንም ክፋትና ግፍ ብሎ ይጠራዋል። ፋሲካችን ክርስቶስ ስለ ታረደ አሮጌው እርሾ በቤታችን ሊገኝ አይገባም ይላቸዋል (1ኛ ቆሮ. 5፥6-8)። በአገራችን ይህ አሮጌ እርሾ በብዙ መልክ ይገኛል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ቤት የሚያጠፋው ቂም ነው። በአንድ ሰበካ ሁለት ቤተ ሰብ በእርሻ ድንበር ተጣሉ እንበል። የተጣሉት አባቶች አርጅተው ይሞታሉ፤ ድንበሩም በፍርድ ወይም በሽምግልና ይለያል፤ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ቤት ማታ ማታ በእሳት ዳር የሚነገረው ቃል፥ የጎረቤቱ ስም ሲጠራ የሚጠቍረው ፊት፥ በሰርግና በለቅሶ የሚቀረው እግር፥ እነዚህ ሁሉ ለልጁ የሚቀመጡለት እርሾ ናቸው። ልጁ የድንበሩን ነገር አያውቅም፤ ቂሙን ግን ያውቃል። አንድ ቀንም ዱላ ወይም ጠመንጃ አንሥቶ ሲወጣ አገር ሁሉ፥ ይህን ማን አስተማረው? ብሎ ይደነቃል። ያስተማረው በቡሃቃው ሥር የቀረው ጥቂት ነው።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። የተበላሸ እርሾ ያለባት ሴት ያማረ ዱቄት ብትጨምርበት ሊጡ አይሻላትም፤ ዱቄቱም አብሮ ይበላሽባታል። እንደዚሁ ጾምና ስግደት፥ ምጽዋትም የተመረጠ ዱቄት ናቸው፤ ቂም ባለበት ልብ ሲጨመሩ ግን የትዕቢት እንጀራ ይወጣቸዋል። ነቢዩ ኢሳይያስ እየጾሙ የሚጣሉትን ሰዎች የገሠጻቸው ስለዚህ ነው (ኢሳ. 58፥4)። ጌታችንም መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት መሆኑን ቢያስብ መባውን በዚያ ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል (ማቴ. 5፥23-24)። በእርሾ የቦካውን ቅዱስ ኅብስት ልንቀበል ስንቀርብ፥ በእኛ ውስጥ ያለው እርሾ ምን እንደ ሆነ ሳንመረምር ልንቀርብ አይገባንም።

በጎው እርሾ እንዴት እንደሚወረስ ደግሞ ከጢሞቴዎስ ቤት እንማራለን። አባቱ የግሪክ ሰው ነበረ፤ እናቱ ያመነች አይሁዳዊት ነበረች (የሐዋ. 16፥1)። ቅዱስ ጳውሎስ የዚህን ደቀ መዝሙር እምነት ሲያመሰግን አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ፥ ቀጥሎም በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ያስታውሰዋል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ስለ እነዚህ ሁለት ሴቶች ስብከት ወይም ተአምር አልተጻፈልንም። የተጻፈልን ከእነርሱ የተረፈው እምነት ጢሞቴዎስን ማቡካቱ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን አወቀ መባሉም (2ኛ ጢሞ. 3፥15) በቤቱ የሚያሰማው ሰው እንደ ነበረ ያስረዳል። እንግዲህ እናቶችና አያቶች ሆይ፥ ልጅ በጉልበታችሁ ተቀምጦ ሳለ የምታማትቡበት ጣት፥ ከማዕድ በፊት የምታደርሱት አጭር ጸሎት፥ ለደጃፍ ለማኝ የምትቈርሱት እንጀራ ከንቱ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ አይታይም፤ ተሸሽጓልና።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጤፍ ሲያገኙ በጤፍ፥ ሲያጡም በሌላ ዱቄት እያቦኩ እንጀራን በባዕድ አገር አልተዉም፤ ይህም የሚያስመሰግናቸው ነው። ልጆቻቸው ግን የእንጀራውን ጣዕም አውቀው የጸሎቱን ቃል ሳያውቁ ቢያድጉ፥ ከሁለቱ እርሾ የሚበልጠው ጠፍቷል ማለት ነው።

ለእኛም ለካህናት የተለየ ማስጠንቀቂያ አለን። ደቀ መዛሙርት እንጀራ መያዝ በረሱ ጊዜ ጌታችን ከፈሪሳውያንና ከሰዱቃውያን እርሾ እንዲጠበቁ ነገራቸው፤ እነርሱ ግን ስለ ምግብ የሚናገራቸው መሰላቸው (ማቴ. 16፥5-12)። የፈሪሳውያንም እርሾ ግብዝነት መሆኑን ሉቃስ ጽፎልናል (ሉቃ. 12፥1)። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ዜማውም፥ ቅኔውም፥ ትርጓሜውም ከየኔታ አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ የመጣ ነው። ነገር ግን ተማሪው ከመምህሩ የሚቀበለው ዜማውን ብቻ አይደለም፤ መምህሩ ድኻውን እንዴት እንደሚያናግር፥ ባልንጀራው ሲመሰገን ፊቱ እንዴት እንደሚሆን፥ በመቅደስ የቆመው ሰው በቤቱም ያው መሆኑን አብሮ ይቀበላል። ዜማው ሳይጓደል ትዕቢት አብሮት የተላለፈ እንደ ሆነ፥ ያ ተማሪ ነገ በተራው መምህር ሆኖ ለብዙዎች ያወርሰዋል።

ምን እናድርግ? የቤት እመቤቲቱ የምታደርገውን እናድርግ። እርሾዋ የተበላሸባት ሴት ሊጡን ትደፋለች፥ ቡሃቃውን አጥባ በፀሐይ ታሰጣዋለች፥ ከዚያም ከጎረቤቷ መልካም እርሾ ትለምናለች። መድፋቱ በነፍስ አባት ፊት መናዘዝ ነው፤ ማጠቡ ንስሐ ነው፤ መለመኑ ደግሞ ከቅዱሳን ሕይወትና ከደጋግ ጎረቤቶቻችን መማር ነው። እርሾ መለመን ለአንዲት ሴት ነውር እንዳልሆነ ሁሉ፥ የተጣሉትን ሰው ቀድሞ ሄዶ ሰላም ማለት ለክርስቲያን ነውር አይደለም። የተጣላችሁት ሰው ካለ ሽማግሌ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ልጆቻችሁ እያዩአችሁ ሂዱ፤ እነርሱ ሳያዩ ከታረቃችሁ እርሾው ለእነርሱ አይደርስምና።

እግዚአብሔር አምላካችን አሮጌውን እርሾ ከቤታችን አርቆ፥ ከአባቶቻችን የተቀበልነውን ቅዱስ እምነት ለልጆቻችን ሳይጐድል እንድናወርስ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።